ስሕተት መምህር የሚሆነው መቼ ነው?

ሰው ከስሕተቱ ይማራል የሚለው ነገር በሁሉ አፍ የሚነገር ነው። አባት ልጁን ሲመክር፥ ሽማግሌ ጐልማሳውን ሲያጽናና፥ ዳኛም ጥፋተኛውን ሲገሥጽ ይህንኑ ይናገራል። ነገሩ ግን ጠልቆ ቢመረመር እንደሚነገረው ቀላል ሆኖ አይገኝም። ስሕተት በራሱ የሚያስተምር ቢሆን ኖሮ፥ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ሁሉ ብዙ ተሳስቷልና በዕድሜው ልክ ጠቢብ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን በሃያ ዓመቱ የተሳሳተውን ያንኑ ስሕተት በሰባ ዓመቱ የሚደግም ሽማግሌ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ተሰናክሎ ዳግመኛ በዚያ መንገድ የማይሰናከል ጐልማሳም ይገኛል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የተማረው ግን አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ ትምህርቱን የሚያስገኘው ከስሕተቱ በኋላ የሚደረግ አንድ ነገር መሆን አለበት። ያ ነገር ምንድር ነው?

ጥያቄው በነፋስ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፥ ስሕተት በዐይን የሚታይበትንና በእጅ የሚዳሰስበትን አንድ ሥራ መመልከት ይበጃል። የልብ ስሕተት ተሰውሮ ይኖራል፤ የቃል ስሕተት በሌላ ቃል ይሸፈናል፤ የግንብ ስሕተት ግን በአደባባይ ቆሞ ይታያል። ከግንቦችም ሁሉ ይልቅ፥ ግንበኛ ሳይቀጥር በገዛ እጁ ከተጠቀጠቀ ዐፈር ቤቱን የሚሠራ ሰው ግንብ ይህን ነገር አጕልቶ ያሳያል።

የተጠቀጠቀ ዐፈር ግንብ በኢትዮጵያ ከተለመደው የጭቃ ቤት የተለየ ነው። የጭቃ ቤት እንጨት ተተክሎ፥ ማገር ተማግሮ፥ ከጭድ ጋራ የቦካ ጭቃ የሚመረግበት ነው፤ ጣራውን የሚሸከመውም እንጨቱ ነው። የተጠቀጠቀው ዐፈር ግንብ ግን በውስጡ እንጨትም ጭድም የለበትም። ሁለት የሳንቃ ግድግዳዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ጥቂት ርጥበት ያለው ዐፈር በስሱ ይጨመራል፤ እያንዳንዱ ድርብ በከባድ መደቅደቂያ ይመታል፤ በላዩም ሌላ ይደረባል። ሳንቃው ሲፈታ ዐፈሩ ጸንቶ በራሱ ይቆማል፤ ጣራውንም የሚሸከመው እርሱው ነው።

ጥበቡ ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ጸሓፊ ፕሊኒዮስ በመጀመሪያው ምእት ዓመት በአፍሪካና በእስፓንያ በሳንቃ መካከል የተጠቀጠቁ የዐፈር ግንቦች ዝናምና ነፋስ እሳትም ሳያጠፋቸው ብዙ ዘመን እንደሚኖሩ መስክሯል። በምዕራብ ቻይና በረሓ የሃን ነገሥታት ካሠሩት ታላቅ ቅጥር ከዐፈርና ከጠጠር የተጠቀጠቀው ክፍል ሁለት ሺህ ዓመት አልፎት ዛሬም ይታያል። በፈረንሳይ አገር በሊዮን የተወለደው ፍራንስዋ ኰዋንትሮ የባላገሩን ቤት ከእሳት ቃጠሎ ለማዳን ብሎ ከ1790 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ይህን ሥራ በመጽሐፍ አስተማረ፤ ትምህርቱም ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ተመልሶ እስከ አሜሪካ ደረሰ። በአዲስ አበባም በ2010 የሕንፃ ትምህርት መምህራን ከስዊዘርላንድ ባልንጀሮቻቸው ጋራ ለከተማ ነዋሪ የሚሆን የሙከራ ቤት ሲሠሩ፥ የምድር ቤቱን ግድግዳ ከተጠቀጠቀ ዐፈር አቁመውታል።

ይህ ሥራ ብዙ ሰው የሚስበው ዐፈሩ ከገዛ ግቢ ስለሚገኝ ነው። የመጀመሪያውም ስሕተት የሚወለደው ከዚሁ ነው፤ ዐፈሩን ያለ ዋጋ ያገኘ ሰው ዕውቀቱንም ያለ ዋጋ ያገኘ ይመስለዋል። ለምሳሌ በከተማ ዳር ትንሽ ቦታ ያለው፥ ሚስቱንና ልጆቹን ከኪራይ ቤት ለማውጣት የሚደክም፥ መጽሐፍ አንብቦ እንጂ ከግንበኛ ጋራ ውሎ የማያውቅ አንድ ሰው ይታሰብ። ይህ ሰው ግቢውን ቈፍሮ መጀመሪያ የሚያገኘው ከላይ ያለውን ጥቍር ዐፈር ነው። ጐመን ያበቀለ ዐፈር ግንብም የሚያበጅ ይመስለዋል። ሥርና የበሰበሰ ቅጠል ያለበት ዐፈር ግን ለዘር እንጂ ለግንብ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ነገር እየበሰበሰ ግንቡን ያቦረቡረዋል።

ይህን ዐውቆ ጠልቆ ቢቈፍር ደግሞ ዋልካ ያገኝ ይሆናል። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ የእርሻ መሬት በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ስለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ዐፈር የተጠቀጠቀ ግንብ ሳንቃው በተፈታበት ቀን ለስልሶ ሲታይ ያስደስታል፤ ውሎ አድሮ ሲደርቅ ግን ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ሰውየውም ተቈጥቶ ወደ ወንዝ ሄዶ አሸዋ ብቻ ቢያመጣ፥ የሚያያይዘው ነገር የለምና የግንቡ ጥግ በጣት ሲነካ ይረግፋል። የሚበጀው አሸዋና ጠጠር የበዛበት፥ ሸክላ ዐፈር ግን ለማያያዝ የሚበቃውን ያህል ብቻ ያለበት ነው። ከአንዱ ስሕተት ሸሽቶ በተቃራኒው ስሕተት መውደቅ በዐፈር ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ ልጁን በማቈላመጥ ያበላሸ አባት በሁለተኛው ልጅ ላይ ዱላ የሚያበዛውም እንዲሁ ነው። እርሱ ተማርሁ ይላል፤ የሸሸው ግን ከመጀመሪያው ስንጥቅ ብቻ ነው፤ ስንጥቁ ለምን እንደ መጣ አልጠየቀም።

ዐፈሩን ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠርሙሱን እስከ ሲሶው ዐፈር፥ የቀረውን ውሃ አድርጎ በብርቱ ነቅንቆ ማስቀመጥ ነው። ጠጠሩና አሸዋው ፈጥኖ ከታች ይረጋል፤ ደለሉ ይከተላል፤ ሸክላው ዘግይቶ ከበላይ ይተኛል። የእያንዳንዱም መጠን በመስተዋቱ በኩል ይታያል። ርጥበቱን ለማወቅ ደግሞ እፍኝ ዐፈር ጨብጦ አድቦልቡሎ ከትከሻ ከፍታ በጠንካራ መሬት ላይ መጣል ነው። እንደ ዱቄት ቢበተን ደርቋል፤ ሳይሰበር ተጠፍጥፎ ቢቀር ርሷል፤ በጥቂት ቍራሽ ቢከፈል ልኩ ነው። እነዚህ ሁለት ፈተናዎች ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት አንድ ቀን መታገሥን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ይህን አንድ ቀን በመንፈጉ ነው።

ዐፈሩ ከተገኘ በኋላ የመጠቅጠቅ ሥራ ይመጣል። በሳንቃው መካከል የሚጨመረው ዐፈር ከ15 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል፤ እርሱም ሲመታ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። መደቅደቂያው በመጀመሪያ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ ዐፈሩ ሲጠብቅ ግን ድምፁ ተለውጦ ይጠራል፤ ልምድ ያለው ሰው ሥራው እንደ በቃ በጆሮው ያውቃል። የቸኰለ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ሁለት እጥፍ ይጨምራል። ላዩን ሲመታው ይጠነክርለታል፤ የመደቅደቂያው ኀይል ወደ ታች ሳይደርስ ስለሚቀር ሥሩ ልል ሆኖ ይቀራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፥ ያ ልል ክፍል ሳንቃው ሲነሣ ይረግፋል፤ በዚያን ጊዜ ባይረግፍ ደግሞ ጣራ ከተጫነበት በኋላ ይናገራል።

አሁን የነገሩ ዋና መጥቷል። ያ ሰው ሁለት ግንብ ጨርሶ ሦስተኛውን ጠቅጥቋል እንበል። ሰኔ ቀርቧል፤ ደመናው ይከብዳል፤ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ደርሷል። ማታ ሳንቃውን ሲፈታ፥ ማሰሪያው ላልቶ ኖሮ ሳንቃው ወደ ውጭ ገፍቷል፤ ግንቡም በመካከሉ አብጧል። ሚስቱ መብራት ይዛ ቀርባ አየችና «ይህ ግንብ ሆዱ ተነፍቷል» አለችው። እርሱም ቱምቢውን ወደ ኪሱ እየከተተ «ልስኑ ያስተካክለዋል» አላት። ስሕተት መምህር መሆኑ ወይም አለመሆኑ የሚቈረጠው ሳንቃው በላላበት ሰዓት ሳይሆን በዚህ ሰዓት ነው። ሳንቃው የላላው ባለማወቅ ነው፤ ቱምቢው ወደ ኪስ የገባው ግን በማወቅ ነው።

ጥሬ ዐፈር ለሰው የሚያደርገው አንድ ትልቅ ቸርነት አለ። ሲሚንቶ ወይም ኖራ ያልተቀላቀለበት የተጠቀጠቀ ዐፈር ቢፈርስ ተመልሶ ዐፈር ይሆናል፤ ተሰባብሮ፥ ውሃ ተርከፍክፎበት፥ እንደገና ወደ ሳንቃው ይገባል። የጠፋው የሁለትና የሦስት ቀን ድካም ነው እንጂ ዐፈሩ አልጠፋም። ሲሚንቶ የተቀላቀለበት ዐፈር ግን አንዴ ከደነደነ ወደ ቀድሞ ጠባዩ አይመለስም፤ ቢሰብሩትም ፍርስራሽ ነው። የሰው ስሕተትም እንዲሁ ነው። በተሠራበት ቀን፥ ገና ርጥብ ሳለ፥ «ተሳስቻለሁ» የሚል አንድ ቃል ያፈርሰዋል፤ ከፍርስራሹም ሌላ ሥራ ይሠራል። የሚያደነድነው ሲሚንቶ ሰበብ ነው። ዛሬ «ማሰሪያው ደካማ ነበረ» ያለ፥ ነገ «ዝናም አስቸኰለኝ» ይላል፤ በሦስተኛው ቀን «ግንቡ ምንም አልሆነም» ይላል፤ በአራተኛውም ቀን ራሱ ያምነዋል። ከዚያ በኋላ ያንን ለማፍረስ ቃል አይበቃም፤ መዶሻ ይፈልጋል።

ሽፋን ደግሞ ከመጀመሪያው ስሕተት የባሰ ጥፋት እንደሚያመጣ የዐፈር ቤት ሠሪዎች በብዙ ኪሣራ ተምረዋል። በእንግሊዝ አገር ዴቨን በሚባለው አውራጃ ብዙ ዘመን የኖሩ የጭቃ ግድግዳ ያላቸው ቤቶች አሉ። የቀድሞ ሰዎች እነዚህን ቤቶች በኖራ ይለስኗቸው ነበረ፤ ኖራ ርጥበትን ያስወጣልና። በሃያኛው ምእት ዓመት ግን ሲሚንቶ ጠንካራ ነው ተብሎ ብዙዎቹ በሲሚንቶ ተለሰኑ። ሲሚንቶው ሲሰነጠቅ ዝናሙ በስንጥቁ ገባ፤ መውጫ ግን አላገኘም። ውጭው ያማረና የጸና መስሎ ሲታይ ውስጡ እየራሰ ወደ ጭቃነት ተመለሰ፤ ለመቶ ዓመታት የቆሙ ግድግዳዎችም ወደቁ። ቤቱን የገደለው ዝናም ብቻ አይደለም፤ የገባውን ውሃ የዘጋበት ልስንም ነው። ስሕተቱን በክብሩ የሚለስን ሹም፥ በማዕርጉ የሚለስን መምህር፥ በዝምታው የሚለስን ወዳጅም ይህን ቢያስብ መልካም ነው። ሰው እንዳያየው የተሸፈነው ነገር ነፋስ እንዳያደርቀውም ተሸፍኗል።

የቅኔ ቤት ሥርዐት ይህንን ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር። የቅኔ ስንኝ ራሱ «ቤት» ይባላልና ምሳሌው የራቀ አይደለም። ተማሪው ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ አድሮ የቈጠረውን ቅኔ ለብቻው ይዞ አይቀመጥም፤ በየኔታ ፊት ቆሞ ይነግራል። ምሥጢሩ የተዛባ፥ ቤቱ ያልመታ፥ ዜማው የተሰበረ እንደ ሆነ የኔታ በዚያው ያቃናሉ፤ ባልንጀሮቹም ይሰማሉ። የዚያን ጊዜ እፍረት ይቈጠቍጣል፤ ነገር ግን ቅኔው ገና ትኩስ ነውና ይታረማል። እፍረቱን ፈርቶ ቅኔውን የሚደብቅ ተማሪ ሰባት ዓመት ቢቀመጥ ሰባት ዓመት ሙሉ ያንኑ ስሕተት ይዞ ይኖራል። ማንም አላረመውምና ያልተሳሳተ ይመስለዋል።

ቱምቢውን ከኪስ አውጥቶ ግንቡን ማፍረስ እንግዲህ የትምህርት መጀመሪያ ነው። የሚበልጠው ጥበብ ደግሞ ስሕተቱን በትልቁ ከመሥራት በፊት በትንሹ መሥራት ነው። በአሜሪካ በደቡብ ዳኮታ በመንግሥቱ ኮሌጅ የነበረ ራልፍ ፓቲ የተባለ መምህር በ1930ዎቹ ዓመታት ከብዙ ዐይነት ዐፈር ትንንሽ የሙከራ ግንቦችን ጠቅጥቆ በሜዳ ላይ ለዝናምና ለበረዶ ተዋቸው። ጣራ የላቸውም፤ ማንም አይኖርባቸውም፤ የተሠሩት የትኛው እንደሚጸናና የትኛው እንደሚፈርስ እንዲታይ ብቻ ነው። አሸዋ የበዛባቸው በብዙው ጸኑ፤ ሸክላ የበዛባቸው ተሰነጠቁ፥ ተሸረሸሩ። እንዲህ በመሆኑ ገበሬው በቤቱ ሊከፍለው የነበረውን ዋጋ መምህሩ በሙከራ ግንብ ከፈለለት። በራሱ ቦታ የሚሠራ ሰውም ይህንኑ ማድረግ ይችላል፤ ከቤቱ በፊት የውሻ ቤት ወይም የአጥር ጥግ ጠቅጥቆ አንድ ክረምት ቢያሳልፍበት፥ ክረምቱ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ያስተምረዋል።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ሁሉ በስሕተቱ ይማር ከተባለ፥ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍል ማነው?» የሚል ነው። ሐኪም በበሽተኛው፥ ዳኛ በተከሳሹ፥ መምህር በተማሪው ላይ እየተሳሳተ ቢማር፥ ትምህርቱ ለአንዱ ሲሆን ሕማሙ ለሌላው ይሆናል። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት፤ ቤቱን በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው የሚከበርበትም ምክንያት ከዚሁ ይገኛል። የላላው ማሰሪያ ያስከተለውን ድካም የሚሸከመው የራሱ ትከሻ ነው።

በደቡብ ካሮላይና፥ ስቴትበርግ በሚባለው መንደር፥ ዶክተር ዊልያም ዋላስ አንደርሰን የተባለ ሐኪም ይህን ጥበብ ከመጽሐፍ ተምሮ በ1821 የመኖሪያ ቤቱን ክንፎች ከተጠቀጠቀ ዐፈር አሠራ። ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላም፥ ከ1850 እስከ 1852፥ ከርስቱ ፊት ለፊት የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ሥራ ታነጸ፤ ሁለቱም ሕንፃዎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ታሪኩ ሲጻፍ ሥራው በሐኪሙ ስም ይጠራል። ርስቱ ግን በባሮች ጕልበት የሚሠራ ነበረ። መደቅደቂያውን ያነሡት፥ ዐፈሩ መቼ እንደ ጠነከረ በክንዳቸውና በጆሮአቸው የተማሩት፥ የተበላሸውንም አፍርሰው የጠቀጠቁት እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ ደመወዝ አልተከፈላቸውም፥ ስማቸውም በግንቡ ላይ አልተቀረጸም። ግንቡ መልካም ግንብ ነው፤ ነገር ግን በሌላው ትከሻ ላይ የተገኘ ትምህርት ዕዳ ያለበት ትምህርት ነው። «ከስሕተቴ ተማርሁ» የሚል ሰው ሁሉ «ዋጋውን ማን ከፈለ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

ለራሱ የሚሠራው ሰው እንኳ ከዚህ ጥያቄ ፈጽሞ ነጻ አይደለም። በዚያ ባበጠ ግንብ ሥር የሚተኙት ልጆቹ ናቸው። በመስከረም 2011 በሂማላያ ተራሮች የምድር መናወጥ በሆነ ጊዜ በምዕራብ ቡታን ብዙ ከተጠቀጠቀ ዐፈር የተሠሩ ቤቶች ተሰነጠቁ፤ አባቶች ለልጆች ያስተላለፉት መልካም ጥበብ ቢሆንም፥ የምድርን መናወጥ በሚገባ የሚቋቋም ማሰሪያ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የአገሩ ባለሙያዎች የሙከራ ግንቦችን እየሠሩ በኀይል እየገፉ መርምረው፥ ግንቡ በምን ሊታሰር እንደሚገባ አጥንተዋል። እንግዲህ በገዛ ራስ ስሕተት መማር የሚፈቀድበት ወሰን አለ። የዐፈሩን ልክ፥ የውሃውን መጠን፥ የልስኑን ዐይነት ሰው ተሳስቶ ቢማር ኪሣራው ድካሙ ነው። መሠረቱንና የጣራውን ማሰሪያ፥ የበሩን ጉበንና የምድር መናወጡን ነገር ግን የሚያውቀውን ሰው ሳይጠይቅ ቢጀምር፥ ድፍረቱ ትምህርት ሊባል አይችልም። ሌሎች በሕይወታቸው የከፈሉበትን ነገር ጠይቆ መቀበል ከስሕተት ሁሉ ርካሹ ትምህርት ነው፤ የሚያስከፍለውም ትንሽ ትዕቢት ብቻ ነው።

ከመሳሳትና ከማረም የሚበልጥ ሌላ ደረጃም አለ፤ ይኸውም ጕድለትን አስቀድሞ ዐውቆ በሥራው ውስጥ ቦታ መስጠት ነው። በኦስትርያ፥ ሽሊንስ በሚባል መንደር፥ ማርቲን ራውኽ የተባለ የዐፈር ሕንፃ ባለሙያ ከ2005 እስከ 2008 ድረስ ለቤተ ሰቡ ቤት ሠራ፤ ግንቡንም ከዚያው ከቦታው ከተቈፈረ ዐፈር ሲሚንቶ ሳይጨምር ጠቀጠቀው። በዚያ አገር ዝናም ብዙ ነውና ግንቡ ከፊቱ ጥቂት እንደሚሸረሸር ዐውቆ ነበር። ስለዚህ በግንቡ ፊት ላይ በየደረጃው ጥቂት ወደ ውጭ የወጡ የተተኰሰ ሸክላ ረድፎችን አገባበት፤ በግንቡ ላይ የሚወርደው ውሃ በእነርሱ ላይ እየተሰበረ ፍጥነቱን ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቂት ዐፈር ከላዩ ይታጠባል፤ ከዚያም ጠጠሮቹ ብቅ ይላሉ፥ መታጠቡም ይቀንሳል። ይህ ሠሪ «ግንቤ አይነካም» አላለም፤ ምን ያህል እንደሚነካ ለክቶ ለዚያ ተዘጋጀ። ራሱን የሚያውቅ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። ቍጡ መሆኑን የሚያውቅ ፍርዱን ለነገ ያሳድራል፤ ችኩል መሆኑን የሚያውቅ ከመፈረሙ በፊት ለወዳጁ ያስነብባል። እነዚህም የእርሱ የሸክላ ረድፎች ናቸው።

የዚህ ነገር ፍጻሜ በበርሊን ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። በ1894 የታነጸው የዕርቅ ቤተ ክርስቲያን፥ በ1961 ከተማዪቱ በቅጥር ስትከፈል በሁለቱ ወገን ድንበር መካከል ታስሮ ቀረ፤ ምእመናኑም ሊገቡበት አልቻሉም። በ1985 የምሥራቁ መንግሥት በፈንጂ አፈረሰው። ቅጥሩ ከወደቀ በኋላ በስፍራው አዲስ ጸሎት ቤት ሊሠራ ሲታሰብ የመጀመሪያው ዕቅድ ኮንክሪት ነበረ፤ ምእመናኑ ግን ከተማቸውን የከፈለው ቅጥር ከኮንክሪት ነበረና ይህን አልወደዱም። ዕቅዱም ተለውጦ በ2000 ጸሎት ቤቱ ከተጠቀጠቀ ዐፈር ታነጸ። ሥራውን የመራው ያው ማርቲን ራውኽ ነው፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞችም አብረው ጠቀጠቁ። በዐፈሩም ውስጥ የፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ስብርባሪ ተፈጭቶ ተጨመረ፤ ወደ ግንቡ ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው የቀድሞውን ጡብና ድንጋይ ያገኛል። የፈረሰውን ጠርጎ መጣል ይቻል ነበር፤ በልስን ሥር መደበቅም ይቻል ነበር። ያ ሕዝብ ግን ስብራቱን አዲሱን የሚሸከም ጠጠር አደረገው።

ያ ከላይ የተነገረለት ሰውም ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደው አድሮ፥ ጧት ቱምቢውን ከኪሱ አውጥቶ በግንቡ ላይ ጣለው እንበል። ሚስቱን ጠርቶ «ልክ ነሽ፤ ይፈርሳል» አላት። ሦስተኛውን ግንብ አፈረሰው፤ የሳንቃውን ማሰሪያ አጠበቀ፤ ዐፈሩን ሰብሮ እንደገና መጠቅጠቅ ጀመረ። ክረምቱ ቀደመውና የተሠሩትን ግንቦች ከዝናም ሸፍኖ እስኪበራ ድረስ ቤተ ሰቡን በኪራይ ቤት አቆየ፤ የሦስት ወር ኪራይም ከፈለ። የትምህርቱ ዋጋ ያ ነበረ፤ የከፈለውም ራሱ ነው። በጥቅምት ሥራው ሲጀመር ታላቁ ልጁ ሳንቃውን ይዞለት ሳለ ማሰሪያው እንደ ላላ አየና ነገረው። አባቱም መደቅደቂያውን አስቀምጦ ማሰሪያውን አጠበቀ። ያ ልጅ ስለዚያ ማሰሪያ ሊማር ግንብ ማፍረስ አላስፈለገውም፤ አባቱ ያፈረሰውን በዐይኑ አይቷልና።